እራቱን ከተማሪዋ ወንበር ጀምሩት

የቀድሞ ምሩቃንን፣ ተማሪዎችንና አንድ ተጋባዥ ተናጋሪን የሚያገናኝ እራት ልታዘጋጁ ነው እንበል። አዳራሽ ተገኝቷል። ቀን ተቆርጧል። ተናጋሪውም እሺ ብለዋል። እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጅ ወደ ምግቡና ወደ አዳራሹ ማስዋብ ይሮጣል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንዲት ልጅ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከጓደኞቿ የተመዘገበ የለም፤ ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ የምታውቀው ፊት አጣች። ምሩቃኑ ተቃቅፈው ይሳሳቃሉ፣ በድሮ ቅጽል ስማቸው ይጠራራሉ። እሷ ስልኳን ታወጣና ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምሩቃን ጉዳይ ነው። ይህን ዓይነት እራት ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ። ከወንበር አደራደር እስከ ንግግሩ ርዝመት ማንኛውንም ነገር የምወስነው ራሴን እዚያች ልጅ ቦታ አስቀምጬ ነው። ምሩቃኑን ማንም ባያስተናግዳቸውም ይጫወታሉ፣ ይተዋወቃሉና። ተናጋሪውንም ሰው ይከባቸዋል። ካልታሰበላት አንድ ቃል ሳትተነፍስ በልታ የምትሄደው እሷ ናት። እራቱ ደግሞ የተደገሰው ለእሷ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ለንደን ውስጥ ኢንስ ኦፍ ኮርት የሚባሉ አራት የጠበቆች ማኅበራት አሉ። እዚያ ጠበቃ ለመሆን የሚማር ወጣት ለዘመናት ፈተና ማለፉ ብቻ አይበቃውም ነበር። በማኅበሩ አዳራሽ ተገኝቶ የተወሰነ ቁጥር ያለው እራት መብላት ግዴታው ነበር። ከነባሮቹ ጋር አብሮ መቀመጥ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩሲኤልኤ የሚባለው፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ «የ12 የማይተዋወቁ ሰዎች እራት» የሚል ልማድ አለው። ምሩቃን ተማሪዎችንና መምህራንን ይጋብዛሉ፤ በአንድ ማዕድ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። ስያሜው ራሱ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹም አይተዋወቁም። ሁለቱንም ያዙልኝ።

ስንት ሰው፣ በምን ዓይነት ጠረጴዛ

«ሁለት መቶ ሰው እንጥራ» የሚል አለቃ አይጠፋም። ትልቅ ቁጥር ለሪፖርት ያምራል። እኔ ከ40 እስከ 60 ሰው ባለው እራት ነው የማምነው። በዚህ ልክ አዘጋጁ የሁሉንም ስም ያውቃል። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ በዓይኑ ማየት ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቡድኑን ከፍላችሁ ሁለት እራት ብታደርጉት ይሻላል። ገንዘቡም አቅሙም ትንሽ ከሆነ 12 ሰው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ በቂ ነው። እንዲያውም ከትልልቆቹ ይልቅ ብዙ ወዳጅነት ሲወለድ ያየሁት በእነዚህ ትንንሽ እራቶች ነው።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ ሰዎች በየቦታው ተሰብስበው ሲጫወቱ አጥንተው ነበር። አንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይዝም። አምስተኛ ሰው ሲጨመር ወይ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል፣ ወይ አንዱ ዝም ብሎ አድማጭ ይሆናል። የስምንት ሰው ጠረጴዛ ስለዚህ ጥሩ ነው፤ ሁለት ባለ አራት ጨዋታ ይወጣዋል። የዐሥር ሰው ጠረጴዛ ላይ ግን ዝም የሚሉት ሰዎች ይበዛሉ። ዝም የሚሉት ደግሞ ሁልጊዜ ተማሪዎቹ ናቸው።

ክብ ጠረጴዛ ስትከራዩ ስፋቱን ጠይቁ። 150 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስምንት ሰው ይይዛል። 180 የሆነው ዐሥር ይይዛል፤ ነገር ግን ማዶ ለማዶ ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል። ትንሹን ምረጡ። ክንድ ለክንድ ትንሽ ቢጠጋጉ አትፍሩ። መጠጋጋቱ ለጨዋታ ይረዳል። ጠረጴዛው መሐል የሚቀመጥ አበባ ካለ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ከፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ዓይን የሚታይ መሆኑን አረጋግጡ። ካልታየ አበባው ይነሳ።

ሌላም ነገር አለ። በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ኮሌጆች የመምህራኑ ጠረጴዛ በአዳራሹ ዳር ለብቻው ይቀመጣል፤ ሃይ ቴብል ይሉታል። ለእነሱ የቆየ ወግ ነው። ለእናንተ እራት ግን የክብር ጠረጴዛ አይኑር። ፕሬዚዳንቱ፣ ዲኑና ተናጋሪው አንድ ላይ ከተቀመጡ የቤቱ ዋና ዋና ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ያመሻሉ። በየጠረጴዛው በትኗቸው። የሚያኮርፍ ባለሥልጣን ቢኖር «ተማሪዎቹ እርስዎን ለማግኘት ነው የመጡት» በሉት። እውነትም ነው።

ተናጋሪን መምረጥ

የመጀመሪያው ፈተና ታዋቂ ሰው መፈለግ ነው። ታዋቂ ሰው አዳራሽ ይሞላል። ግን አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ። ተማሪዋ ከዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ነገ ጠዋት ልታደርገው የምትችለው ምን ታገኛለች? ከሠላሳ ዓመት በፊት ተመርቆ ዛሬ ትልቅ ድርጅት የሚመራ ሰው ታሪኩ ያኮራል። የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘበት ዓለም ግን ዛሬ የለም። ከተመረቁ ከአምስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሰዎች ለእኔ ወርቅ ናቸው። ሥራ ፍለጋ የተንከራተቱበትን ጊዜ አልረሱም። የጀመሩትን ትተው ሌላ መንገድ ሲይዙ ምን እንዳስጨነቃቸው ያስታውሳሉ። ደመወዝ ሲደራደሩ የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይደግሙላችኋል።

አንጋፋዎቹን አትጥሩ ማለቴ አይደለም። ጥሯቸውና በየጠረጴዛው አስቀምጧቸው። እዚያ ጠጋ ብለው ሲያወሩ ከመድረክ ይልቅ ብዙ ይሰጣሉ።

ግብዣውን በስልክ ጀምሩና በጽሑፍ አጽኑት። በጽሑፉ ላይ ምን እንደምትፈልጉ በቁርጥ አስቀምጡ። «ስለ ሕይወት ልምድዎ እንዲያካፍሉን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከልደት ጀምሮ ትሰማላችሁ። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ተመርቀው ከወጡ በኋላ በጣም የከበደዎትን አንድ ውሳኔ ይንገሩን። ምን አማራጮች ነበሩዎት? ማንን አማከሩ? ዛሬ ሲያዩት ምን ይመስልዎታል? ጊዜው 12 ደቂቃ ነው። ስላይድ አንጠቀምም።» አንድ ውሳኔ ሲባል ሰው ትዝታውን ይፈትሻል። ከትዝታ የወጣ ነገር ደግሞ ይደመጣል።

ለምን 12 ደቂቃ? ሆዱ የሞላ፣ ሲሠራ ውሎ የደከመው፣ ከጎኑ አዲስ ሰው የተቀመጠ አድማጭ ነው ያላችሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጆሮው እንጂ ልቡ አይኖርም። ከዚህ ይበልጥ ደግሞ ንግግሩ በረዘመ ቁጥር የጠረጴዛው ጨዋታ ያጥራል። ንግግሩ የሚፈለገው ለጨዋታው መነሻ እንዲሆን ነው። ተናጋሪው ቤታቸው ጮክ ብለው በሰዓት እንዲለማመዱት ጠይቁ። ሰው በልቡ ሲያነብ ሁልጊዜ ከሚናገረው ይፈጥናል። አዳራሹ ውስጥም ከፊት ለፊታቸው አንድ ሰው ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ሲቀር እጁን ያንሳ። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቅር የሚለው ተናጋሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ብዙዎቹ ያመሰግናሉ።

ከዝግጅቱ አንድ ሳምንት በፊት ለተናጋሪው ደውሉና ተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ንገሯቸው። ስንቶቹ ተመራቂ ናቸው? የትኞቹ ትምህርት ክፍሎች ይበዛሉ? ተማሪዎቹ ሲመዘገቡ «ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ ከመልሶቹ ሦስቱን አንብቡላቸው። ንግግሩ ወዲያው ይቀየራል፤ በስልኩ ውስጥ ድምፃቸው ሲለወጥ ትሰማላችሁ።

እንዲህ ዓይነት እራት ላይ እውነት እንዲወራ ከፈለጋችሁ ጥበቃ ስጡት። ለንደን ያለው ቻተም ሃውስ የሚባል የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ደንብ አለ። የሰማኸውን ነገር መጠቀም ትችላለህ፤ ማን እንደተናገረው ግን አትገልጥም። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጁት። ቀረጻና ቪዲዮም አይኑር። «ከመጀመሪያ ሥራዬ ተባርሬያለሁ» የሚል ቃል ካሜራ ፊት አይወጣም። ተማሪ ግን መስማት ያለበት ይህን ነው።

ማን ከማን ጎን

ይህ የሥራው እምብርት ነው። ሌላው ሁሉ ቢጓደል ይህ ከተሟላ እራቱ ይሳካል። ስለዚህ የመቀመጫ ዝርዝሩን ለመጨረሻ ቀን አታስቀሩት። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነው የምሰጠው። ስሞቹን በትንንሽ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛ ላይ እበትናቸውና አዟዙራቸዋለሁ። ኤክሰል ላይ የሚሠሩ አሉ፤ እኔ ግን ወረቀት ሲንቀሳቀስ ካላየሁ አይታየኝም።

ለስምንት ሰው ጠረጴዛ አራት ወይም አምስት ተማሪ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምሩቅና አንድ መምህር እመድባለሁ። ተማሪ ብቻውን በአንድ ጠረጴዛ አይቀመጥም። የምታውቀው ባይኖር እንኳ የእሷ ዕድሜ ያለው ሰው ከጎኗ ሲኖር ትንሽ ትተነፍሳለች። በአንድ ዓመት የተመረቁ ሁለት ምሩቃን ደግሞ ጎን ለጎን አይቀመጡ። ናፍቆታቸውን አውቃለሁ። ለእሱ ከእራቱ በፊት ያለው የሻይ ግማሽ ሰዓት አለ፤ ከእራቱ በኋላም አለ። ጠረጴዛ ላይ ግን አብረው ከተቀመጡ «ያ መምህር ትዝ ይልሃል?» ብለው ይጀምራሉ፤ ተማሪዎቹም ፈገግ እያሉ ሲመለከቷቸው ያመሻሉ።

ትምህርት ክፍልን ከትምህርት ክፍል ማጣመር ግዴታ አይደለም። የሒሳብ ተማሪን ከሒሳብ ምሩቅ ጋር ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ ነው። የምትፈልጉት ግን ጥያቄንና ልምድን ማገናኘት ነው። ተማሪው ሲመዘገብ የጻፈውን አንድ መስመር አንብቡ። «ቤተሰቦቼ ሁለተኛ ዲግሪ ቀጥል ይሉኛል፤ እኔ መሥራት እፈልጋለሁ» ያለውን ልጅ ከየትኛውም ሙያ ይሁን ይህን አልፎ ካየ ሰው ጎን አስቀምጡት።

አንዴ ኬሚስትሪ የምታጠና ተማሪን መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ከሆነ ምሩቅ ጎን አስቀመጥናት። መጀመሪያ ሁለቱም ሳህናቸውን ነበር የሚያዩት። እሱ ቀና ብሎ «ላብራቶሪ ውስጥ የምትጠዪው ሥራ የትኛው ነው?» አላት። ሳቀች። ቲትሬሽን ነው አለችው፤ ፈሳሽን ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መለካት፤ አንድ ጠብታ ካለፈች ቀለሙ በአንዴ ይደምቅና ሁሉም እንደገና ይጀመራል። እሱም የስም ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ መሳል ጀመረ። አንድ ናሙና ከምርት መስመሩ ተነስቶ እሱ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ በየቦታው ማን እንደሚፈርም አሳያት። ከዚያ እሷ ጠየቀች፦ «ውጤቱ ከመስፈርቱ ትንሽ ቢወጣ፣ አለቃዎ ደግሞ ቢቸኩል፣ ማነው አይሆንም የሚለው?» ሹካውን አስቀመጠ። እኔ በአጠገባቸው ሳልፍ ነበር የሰማሁት፤ የቆምኩበት ረሳሁ። «እኔ ነኝ» አላትና አንድ ሙሉ ምርት ያስቆመበትን ቀን ይነግራት ጀመር። ጣፋጩ ሲመጣ ሁለቱም አላዩትም። ካርዱን ይዛው ሄደች።

የስም ካርዱ ራሱ ሥራ አለው። በሁለቱም ወገን የሚነበብ፣ ታጥፎ የሚቆም ይሁን። ስሙ በትልቁ፣ ከማዶ ያለው ሰው ሳይጠጋ የሚያነበው። ማዕረግ አትጻፉበት። ከስሙ ሥር አንድ አጭር መስመር ጨምሩ፦ «ስለ ውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ጠይቁኝ»፣ «ስለ መጀመሪያ ዓመት ማስተማር ጠይቁኝ»። ለተማሪዎቹም እንዲሁ፦ «ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ጠይቁኝ»። መስመሩን እያንዳንዱ ሰው ሲመዘገብ ራሱ ይጻፈው። ዓይን አፋር ሰው የመጀመሪያዋን ጥያቄ ፈልጎ ያጣል። ካርዱ ላይ ተጽፋ ስታገኘው ግማሹ መንገድ አለቀ።

የጠረጴዛ አስተባባሪ

በየጠረጴዛው አንድ ሰው ኃላፊነት ይውሰድ። ወጣት ምሩቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ወሬኛ መሆን አያስፈልገውም፤ ማዳመጥ የሚችል ይሁን። ሥራው ሦስት ነገር ነው። ሰው ሲደርስ ተነስቶ መቀበልና ከጎኑ ካለው ጋር ማስተዋወቅ። ከምግቡ መጀመሪያ ላይ ሁሉም በአጭሩ እንዲናገር አንድ ጥያቄ መወርወር። አንድ ሰው ጨዋታውን ጠቅልሎ ሲይዝ ደግሞ በጨዋነት ወደ ሌላው ማሻገር።

ሦስተኛው ይከብዳል፣ በተለይ ጨዋታውን የያዙት ሰው አንጋፋ ሲሆኑ። ለአስተባባሪዎቻችን የምነግራቸው ዘዴ ይህ ነው። አንጋፋውን አታቋርጡ፤ ከንግግራቸው አንድ ነገር ያዙና በእሱ ተማሪዋን ጠይቁ። «አሁን ያሉት የመስክ ሥራ ነገር፣ አንቺም ባለፈው ክረምት መስክ ወጥተሽ ነበር አይደል? እንዴት ነበር?» አንጋፋው አልተነካም። ልጅቷም መግቢያ አገኘች። ለዚህ ግን አስተባባሪው ስለ ልጅቷ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የጠረጴዛውን ሰዎች ስምና ያችን አንድ መስመር ከአንድ ቀን በፊት ላኩለት።

የመክፈቻ ጥያቄ «ራሳችሁን አስተዋውቁ» አይሁን። ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ ዓመት ተብሎ ያልቃል። «በዚህ ሳምንት የተማራችሁት ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ይሻላል። ምሩቁም ተማሪውም እኩል ይመልሰዋል፤ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው የተሻለ መልስ የሚኖረው ጥያቄ አይደለም።

ተማሪዎቹን አዘጋጇቸው

ምሩቃን ለዘብ ያለ ማስታወሻ ይበቃቸዋል፤ «ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ» በሏቸው። ተማሪዎቹ ግን ቀደም ብሎ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋሉ። ሰብስቧቸውና ጥያቄ አለማምዷቸው። «ሥራ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ያስደነግጣል፤ መልሱም አንድ ቃል ነው። «አንድ ተራ ማክሰኞ ቀንዎ ምን ይመስላል?» የሚለው ግን ሰውን ያስወራል። «ሲቀጠሩ የማያውቁት፣ በሥራ ላይ የተማሩት ምንድን ነው?» የሚለውም እንዲሁ። ሲቪ ይዘው አይምጡ። ሹካና ቢላ አያያዝ የሚያስጨንቃቸው ልጆችም አሉ፤ አሳይቷቸው፤ ያሳፍራል ብላችሁ አትለፉት። እጁ የሚያስጨንቀው ልጅ አፉም አይከፈትም።

ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1911 ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ አንድ ነገር አሳወቀ። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሁሉም ከፍ ሲያደርግ ጫጫታው ይጨምራል፤ እንደገና ሁሉም ከፍ ያደርጋል። የእራት አዳራሽ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትናገረው ልጅ አትሰማም፤ ሁለቴ «ምን አልሽ?» ከተባለች ሦስተኛ አትሞክርም።

ስለዚህ ሰዎች ሲበሉ ሙዚቃ አይኑር። ለስላሳም ቢሆን። ምንጣፍና መጋረጃ ያለው አዳራሽ ምረጡ፤ ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፅ ይመልሳል። የጠረጴዛ ልብስ ይደረግ። ጠረጴዛዎቹ መሐል አስተናጋጅ የሚያልፍበት ብቻ ሳይሆን ወሬ የማይገናኝበት ርቀት ይኑር። ለንግግሩ ማይክ ያስፈልጋል፣ አዳራሹ ትንሽ ቢሆንም። «ድምፄ ይሰማል፣ አያስፈልገኝም» የሚሉ ተናጋሪዎች አሉ። ከኋላ ላሉትና ጆሮአቸው ለደከመ አንጋፎች ሲባል ይያዙት። ማይኩን ሰው ከመግባቱ በፊት ሞክሩ፤ መለዋወጫ ባትሪም ኪስ ውስጥ ይኑር።

የምሽቱ አካሄድ

በር ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለመተዋወቂያ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ቆሞ መቆየት ብቻውን ለመጣ ሰው ፈተና ነው። በሩ ላይ ሁለት ሰው አቁሙ። አንዱ ስም ይመዝግብ፤ ሌላው እንግዳውን ይዞ ገብቶ ከአንድ ሰው ጋር ያገናኝ። ጠቁሞ «እዚያ ጋ» ማለት አይበቃም፤ አብሮ ይሂድ።

ከዚያ ሁሉም ይቀመጥ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ምግቡ ይምጣ፤ ለዋናው ምግብ 45 ደቂቃ ያለምንም ፕሮግራም ልቀቁ። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚነሳሳ ሰው ይኖራል፤ ግጥም፣ ሽልማት፣ አጭር ፊልም። አትፍቀዱ። ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ንግግሩ የሚመጣው ሳህን ከተነሳ በኋላ፣ ጣፋጭና ሻይ ከመቅረቡ በፊት ነው። ከምግብ በፊት ቢሆን የተራበ ሰው አያዳምጥም። መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰው ጭብጨባውን እንደ መሰናበቻ ይወስደዋል፤ የተነሳው ሐሳብ መወያያ ሳያገኝ ይበተናል። በመሐል ሲሆን ግን ሻዩ ሲቀርብ ሁሉም ስለ ሰማው ነገር ያወራል። ተናጋሪው ሲናገሩ አስተናጋጆች እንዳይንቀሳቀሱ ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሳህን ኳኳታ ጥሩ ንግግር ሲገድል አይቻለሁ።

ጥያቄና መልስን በተመለከተ እኔ ወዲያው መድረኩን አልከፍትም። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በየጠረጴዛው ይነጋገሩ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ጥያቄ ይምረጥ፤ ጥያቄውን ተማሪ ያቅርበው። ይህ ከሌለ ማይኩን የሚይዘው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ጥያቄውም ሌላ ንግግር ይሆናል። ተማሪዋ የጠረጴዛውን ጥያቄ ስታቀርብ ብቻዋን አይደለችም፤ ሰባት ሰው ከኋላዋ አለ።

ከንግግሩ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተርፍ። መሄድ የሚፈልግ እንዲሄድ መዝጊያውን በሰዓቱ አውጁ፤ አዳራሹን ግን ትንሽ ዘግይታችሁ አስረክቡ።

ምግብና ገንዘብ፣ ባጭሩ

ምግቡ ሲመጣ ሞቆ፣ ለመብላት ትግል የማይጠይቅ፣ ጨዋታ የማያቋርጥ ይሁን። በምዝገባው ላይ አለርጂንና በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት የማይበሉትን ጠይቁ፤ መልሱን ለወጥ ቤቱ በጽሑፍ ስጡ። ምግቡን እንግዳው ራሱ ሄዶ የሚያነሳ ከሆነ የሚሞቀው ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይቆይ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ የተቀመጠውን አታቅርቡ። ለእኔ ግን ወደ ጠረጴዛ የሚመጣ ምግብ ይመረጣል፤ ሰልፍ ጠረጴዛውን ይበትነዋል።

ተማሪ አይከፍልም። ምሩቃን ሲመዘገቡ የራሳቸውንና የአንድ ተማሪ ወንበር እንዲሸፍኑ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። የማን ወንበር በማን እንደተከፈለ ግን ለተማሪው አይነገር። ዕዳ ይዞ የተቀመጠ ልጅ በነፃነት አይጠይቅም። በዚህ እራት ላይ ለዩኒቨርሲቲው መዋጮ አትለምኑ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። አንዴ ከተለመነ በሚቀጥለው ጊዜ ምሩቁ ቦርሳውን ጠብቆ ይመጣል። ስፖንሰር ካለም ስሙ መርሐ ግብሩ ላይ ይታተም እንጂ መድረክ አይሰጠው።

የተመዘገበ ሁሉ አይመጣም። ከሁለት ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ደውሉ፣ በተለይ ለተማሪዎቹ። መልእክት መላክና መደወል አንድ አይደሉም። ሲደወልላት «እንጠብቅሻለን» የሚለውን ትሰማለች። ተጠባባቂ ዝርዝርም ይኑራችሁ፤ ባዶ ወንበር ካለ ደግሞ እራቱ ሳይጀመር አንሱት።

በማግስቱ

ብዙ አዘጋጅ በማግስቱ ያርፋል። ሥራው የቀረው እዚህ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ለየጠረጴዛው አንድ መልእክት ላኩ፤ አብረው የተቀመጡት ሰዎች ስምና፣ ፈቃድ የሰጡ ከሆነ፣ አድራሻቸው ይኑርበት። ተማሪዎቹ ለአንድ ሰው አጭር ምስጋና እንዲጽፉ አሳስቧቸው። «ጥሩ ምሽት ነበር» ብቻ አይበቃም፤ ከሰሙት አንድ ነገር ይጥቀሱ፤ አንድ የሚቀጥል ጥያቄም ይጨምሩ።

ለምን እንደሚጠቅም አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 አሳይቷል። ሥራ ያገኙ ሰዎችን ወሬውን ከማን እንደሰሙ ሲጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነበር። የቅርብ ወዳጅ አንተ የምታውቀውን ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሊንክድኢን የሚባለውን የሥራ ትስስር ድረ ገጽ 20 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ያካተተ ጥናት ወጥቶ ነበር። እሱም ከሩቅ ትውውቅ የሚመጣው ጥቅም እውነት መሆኑን አረጋገጠ፤ ከሁሉ የጠቀሙት ግን ፈጽሞ የራቁት ሳይሆኑ መካከለኛዎቹ ናቸው። አንድ ምሽት ከጎናችሁ ተቀምጦ የተጫወተ፣ ከዚያም አንድ ሁለቴ የተጻጻፋችሁት ሰው እንደዚያ ያለ ትውውቅ ነው። ያለ ማግስቱ መልእክት ግን በሳምንት ይረሳል።

ለራሳችሁም ማስታወሻ ያዙ። ማን ከማን ጋር ተግባባ? የትኛው ጠረጴዛ ዝም አለ? የትኛው አስተባባሪ ጎበዝ ነው? ወሩ ሳያልቅ ለጥቂት ተማሪዎች ደውሉና «ከምሽቱ በኋላ ለማን ጻፍሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወደዳችሁት ወይ?» ከሚለው መጠይቅ ይልቅ ይህ ይነግራችኋል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የዘንድሮ ተመራቂዎችን የግል ስልክና የግል ኢሜይል ከመመረቃቸው በፊት ተቀበሉ። ዩኒቨርሲቲው የሰጣቸው ኢሜይል ከተመረቁ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የጠረጴዛ አስተባባሪ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትደውሉት ለእነሱ ነው።